ከትእዛዝ እስከ መርፌ፦ ነርስ ምን ያህል ፋርማኮሎጂ ማወቅ አለበት?

ሐኪሙ ያዛል፣ ፋርማሲስቱ ያዘጋጃል፣ ነርሷ ትሰጣለች። ሐኪሙ ቢሳሳት ፋርማሲስቱ ሊይዘው ይችላል፤ ፋርማሲስቱ ቢያልፈው ነርሷ ልትይዘው ትችላለች። ከነርሷ እጅ ያመለጠውን ግን የሚይዝ የለም፤ በቀጥታ የታማሚው ሰውነት ይቀበለዋል። የነርሲንግ ተማሪ ፋርማኮሎጂን ምን ያህል ይማር፣ እንዴትስ ይማር የሚለው ጥያቄ ክብደቱን የሚያገኘው ከዚህ ነው።

ጥያቄው እስካሁን ሦስት ዓይነት መልስ ሲሰጠው ቆይቷል። አንደኛው ወገን የነርስ ሥራ የታዘዘውን በትክክል መስጠት ስለሆነ የአሰጣጥ ሥርዓቱንና የእጅ ሙያውን ጠንቅቆ ካወቀ ይበቃዋል ይላል። ሁለተኛው ወገን መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ የሚያደርገውን የማያውቅ ሰው የአሰጣጥ ሥርዓቱንም በጭፍን ነው የሚከተለው ሲል ይሞግታል። ሦስተኛው ደግሞ ስሕተት የሚቀንሰው ግለሰቡን በማስተማር ብቻ አይደለም፣ አሠራሩን በማስተካከል ነው ባይ ነው። ሦስቱም እውነት አላቸው። በእኔ እምነት ግን ልኩን የሚወስን አንድ መለኪያ አለ። ነርስ የሚያስፈልገው ፋርማኮሎጂ መስጠት የሌለበትን መድኃኒት በምክንያት ለማቆም የሚያስችለው ያህል ነው። ከዚህ ያነሰው ለታማሚው አደጋ ነው፤ ከዚህ የበለጠው ትርፍ ዕውቀት ነው። ዋና ዋናዎቹን ጽንሰ ሐሳቦች በዚህ መለኪያ እንያቸው።

መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ የሚያልፍበት መንገድ

ፋርማኮኪኔቲክስ የሚባለው ክፍል ሰውነት በመድኃኒቱ ላይ የሚያደርገውን ያጠናል። ደረጃዎቹ አራት ናቸው፤ መድኃኒቱ ወደ ደም ይገባል፣ ወደ ልዩ ልዩ የሰውነት ክፍሎች ይሠራጫል፣ በአብዛኛው በጉበት ይለወጣል፣ በመጨረሻም በአብዛኛው በኩላሊት ይወገዳል። ተማሪዎች አራቱን ደረጃዎች በቅደም ተከተል ለመዘርዘር አይቸገሩም። የሚቸግረው እያንዳንዱ ደረጃ አልጋው አጠገብ ምን እንደሚያስጠይቅ ማወቅ ነው።

ወደ ደም መግባትን እንውሰድ። የሚዋጥ መድኃኒት ከአንጀት ተነሥቶ መጀመሪያ ጉበትን ያቋርጣል፤ የተወሰነው ክፍል እዚያው ይቀራል። ለደረት ውጋት የሚሰጠው ናይትሮግሊሰሪን ከምላስ ሥር የሚደረገው ስለዚህ ነው፤ ቢዋጥ አብዛኛው በጉበት ይጠፋል። ለታማሚው «እንዳትውጠው» ብሎ መንገርና ሲያደርገው ቆሞ ማየት የነርሱ ድርሻ ነው። ሲፕሮፍሎክሳሲንና ቴትራሳይክሊን ከወተት ወይም ከብረት ክኒን ጋር ከተወሰዱ በደንብ አይገቡም። ደም ማነስ ይዟት የብረት ክኒን የተሰጣት እናት ክኒኑን በቡና ወይም በሻይ ካወራረደችው የምታገኘው ብረት በእጅጉ ይቀንሳል። በቀን ሦስት ጊዜ ቡና በሚፈላበት ቤት ክኒኑን ከቡና አርቃ እንድትወስድ መምከር ከመድኃኒቱ ጋር እኩል ዋጋ አለው።

በጉበት የሚደረገው ለውጥ በአገራችን ሁለት ነገሮችን ያስታውሰናል። የመጀመሪያው ሪፋምፒሲን ነው። ይህ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የጉበትን ኢንዛይሞች ስለሚያነቃ ሌሎች መድኃኒቶች ቶሎ እንዲወገዱ ያደርጋል። ዶሉቴግራቪር የሚወስድ ሰው ሪፋምፒሲን ሲጀምር ዶሉቴግራቪሩ በቀን አንዴ 50 ሚሊግራም መሆኑ ቀርቶ በቀን ሁለቴ 50 ሚሊግራም የሚሆነው ለዚህ ነው። የወሊድ መከላከያ እንክብል የምትወስድ ሴትም ሪፋምፒሲን ስትጀምር እንክብሉ ብቻውን እንደማይጠብቃት ሊነገራት ይገባል። ሁለተኛው ኮዴይን ነው። ኮዴይን ሕመም የሚያስታግሰው በሰውነት ውስጥ ሲዋይፒ ቱ ዲ ሲክስ በሚባል ኢንዛይም ወደ ሞርፊን ሲለወጥ ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. ዶክተር እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው ያሳተሙት ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ ያህሉ ይህን ኢንዛይም የሚሠራው ዘረመል ተደጋግሞ እንደሚገኝባቸው አሳይቷል። እንዲህ ዓይነቱ ሰው ኮዴይኑን በፍጥነት ወደ ሞርፊን ይለውጠዋል፤ ልጅ ከሆነ ደግሞ አተነፋፈሱ ሊታፈን ይችላል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2017 እ.ኤ.አ. ኮዴይን ከ12 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት እንዳይሰጥ ወስኗል። አዲስ አበባም፣ ዋሽንግተንም፣ ቴል አቪቭም የሚሠራ ነርስ ኢትዮጵያዊ ሕፃን ላይ የኮዴይን ትእዛዝ ቢያይ ለማቆም በቂ ምክንያት አለው።

ሃፍ ላይፍ የሚባለው በደም ውስጥ ያለው መድኃኒት በግማሽ ለመቀነስ የሚፈጅበት ጊዜ ነው። መድኃኒቱ በተከታታይ ሲሰጥ በደም ውስጥ የተረጋጋ መጠን ላይ የሚደርሰው ከአራት እስከ አምስት ሃፍ ላይፍ በኋላ ነው። የዲጎክሲን ሃፍ ላይፍ ኩላሊቱ ጤነኛ በሆነ አዋቂ ላይ አንድ ቀን ተኩል ገደማ ስለሆነ ሙሉ ውጤቱ የሚታየው ሳምንት አካባቢ ነው፤ ኩላሊቱ በደከመ ሰው ላይ ደግሞ ይዘገያል፣ መድኃኒቱም ይጠራቀማል።

መድኃኒቱ የሚሠራው ሥራ

ፋርማኮዳይናሚክስ በተቃራኒው መድኃኒቱ በሰውነት ላይ የሚያደርገውን ያጠናል። አንዳንድ መድኃኒት ተቀባዩን የሕዋስ ክፍል ያነቃል፤ አንዳንዱ ደግሞ ይዘጋዋል። ሞርፊን ያነቃል፤ ናሎክሶን ያንኑ ቦታ ይዞ ሞርፊኑን ያስለቅቃል። ናሎክሶን ግን ከብዙዎቹ ኦፒዮይዶች ቀድሞ ከሰውነት ይወጣል። የነቃው ታማሚ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተመልሶ እስትንፋሱ ሊዳከም ስለሚችል «ነቅቷል» ተብሎ አይተውም።

ከዚህ ክፍል ውስጥ ለነርስ ትልቁን ጥቅም የሚሰጠው ጽንሰ ሐሳብ በሚፈውሰውና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ርቀት ነው። ፓራሲታሞል በትእዛዙ ልክ ሲወሰድ ርቀቱ ሰፊ ነው። በዲጎክሲን፣ በዋርፋሪን፣ በፌኒቶይን፣ በሊቲየምና በጄንታማይሲን ግን ጠባብ ነው። በሩማቲክ የልብ ሕመም ምክንያት ልቡ ለደከመ ወጣት ዲጎክሲንና ላሲክስ አብረው የሚታዘዙበት ጊዜ አለ። ላሲክስ ፖታሲየም ያስወጣል፤ ፖታሲየም ሲያንስ ደግሞ ዲጎክሲን ይበልጥ ይመርዛል። ነርሷ ዲጎክሲኑን ከመስጠቷ በፊት የልብ ምቱን ሙሉ አንድ ደቂቃ ትቆጥራለች። የአዋቂው የልብ ምት ከ60 በታች ከሆነ መድኃኒቱን አቆይታ ለሐኪሙ ታሳውቃለች። ማቅለሽለሽ የጀመረውን፣ ነገሩ ሁሉ ቢጫ ሆኖ የሚታየውን ታማሚም እንዲሁ።

የጎንዮሽ ጉዳትና አለርጂ መለያየት አለባቸው። ታማሚ «ፔኒሲሊን አይስማማኝም» ሲል ሆዱን ገልብጦት ሊሆን ይችላል፤ ሰውነቱ አብጦ ትንፋሽ አጥሮትም ሊሆን ይችላል። «ምን ሆነህ ነበር? ከስንት ሰዓት በኋላ?» የሚሉት ሁለት ጥያቄዎች ልዩነቱን ያወጡታል። የመጀመሪያው ተመዝግቦ ምናልባት ሕክምናው ይቀጥላል፤ ሁለተኛው መድኃኒቱን ከናካቴው ያስቆማል። አናፊላክሲስ ከተነሣ ቀዳሚው መድኃኒት አድሬናሊን ነው። ለአዋቂ 0.5 ሚሊግራም፣ ማለትም ከ1 በ1000 አምፑል ግማሽ ሚሊሊትር፣ በጭኑ የውጭ ጎን ጡንቻ ውስጥ ይሰጣል።

ስሌቱ

የነርሲንግ ተማሪ ሒሳብ ከሦስት መሠረቶች አይርቅም። አንድ ፐርሰንት ማለት በ100 ሚሊሊትር ውስጥ 1 ግራም፣ ማለትም በአንድ ሚሊሊትር 10 ሚሊግራም ነው። የ1 በ1000 አድሬናሊን በአንድ ሚሊሊትር 1 ሚሊግራም አለው። የሚሰጠው ብዛት የሚገኘው የታዘዘውን መጠን በአንድ ሚሊሊትር ውስጥ ባለው መጠን በማካፈል ነው። የጠብታ ስሌትም የዚሁ ተቀጥላ ነው፤ 1000 ሚሊሊትር ግሉኮስ በ8 ሰዓት እንዲያልቅ ቢታዘዝና ቱቦው በአንድ ሚሊሊትር 20 ጠብታ የሚያወርድ ቢሆን፣ 20,000 ጠብታ ለ480 ደቂቃ ሲካፈል በደቂቃ 42 ጠብታ ገደማ ይሆናል።

ስሌት ሕይወት የሚሆነው ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ውስጥ ነው። ሦስት ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በኪሎ 5 ሚሊግራም ጄንታማይሲን ታዘዘለት እንበል፤ የሚያስፈልገው 15 ሚሊግራም ነው። እጅ ላይ ያለው አምፑል በ2 ሚሊሊትር 80 ሚሊግራም የያዘ፣ ማለትም በአንድ ሚሊሊትር 40 ሚሊግራም ነው። 15 ለ40 ሲካፈል 0.375 ሚሊሊትር ይመጣል፤ በአንድ ሚሊሊትር ሲሪንጅ በጥንቃቄ የሚለካ መጠን ነው። ነጥቧ አንድ ቤት ብትንሸራተት 3.75 ሚሊሊትር፣ ወደ ሁለት አምፑል የሚጠጋ፣ 150 ሚሊግራም ይሆናል። ኩላሊትንና የመስሚያ ነርቭን የሚጎዳ መድኃኒት ዐሥር እጥፍ ገባ ማለት ነው። ስለዚህ ተማሪ ከስሌቱ በፊት የመገመት ልማድ ይኑረው። ለአዋቂ ተብሎ ከተሠራ አምፑል ለጨቅላ ሕፃን ከአንድ በላይ የሚያስከፍት መልስ ከመጣ እጅን መሰብሰብና ስሌቱን ለሌላ ነርስ ማሳየት ይገባል።

አጻጻፉም የስሌቱ አካል ነው። ከሙሉ ቁጥር በኋላ ነጥብና ዜሮ አይጻፍም፤ 1.0 ሲደበዝዝ 10 ይነበባልና። ከአንድ ላነሰ ቁጥር ደግሞ ከነጥቡ በፊት ዜሮ ይቀመጣል፤ .5 እንደ 5 እንዳይታይ። ኢንሱሊን ሲታዘዝ ዩኒት የሚለው ቃል በአንድ ፊደል ሳይሆን በሙሉ ይጻፋል፤ የእንግሊዝኛው ዩ ፊደል ዜሮ መስሎ 4 ዩኒቱን 40 አድርጎ ያውቃል።

የሚገባበት በር

መርፌ የሚወጋበት ቦታና ዘዴ በእጅ ልምምድ የሚለመድ ነው፤ በጡንቻ በ90 ዲግሪ፣ ከቆዳ ሥር በ45 ወይም በ90፣ በቆዳ ውስጥ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ። የቢሲጂ ክትባት ለአራስ 0.05 ሚሊሊትር በቆዳ ውስጥ ይሰጣል፤ ለሕፃን የጡንቻ መርፌ የሚመረጠው ቦታ ጭን ነው። እዚህ ላይ ብዙ ማተት አያስፈልግም። ማተት የሚያስፈልገው በር መሳሳት የሚገድልባቸው መድኃኒቶች ላይ ነው።

ቤንዛቲን ፔኒሲሊን በየወሩ ገደማ የሚወሰድ፣ የሩማቲክ ልብ ሕመምን ከማገርሸት የሚጠብቅ መድኃኒት ነው። በጥልቅ ጡንቻ ብቻ ይሰጣል፤ ደም ሥር ውስጥ ቢገባ ልብንና ሳንባን ሊያቆም ይችላል። ያልተበረዘ ፖታሲየም ክሎራይድ በሲሪንጅ ተገፍቶ ደም ሥር ውስጥ አይሰጥም፤ ልብ ያቆማል። ሴፍትሪያክሶን ለአራስ ሕፃን ካልሲየም ካለበት ፈሳሽ ጋር፣ ሪንገር ላክቴትን ጨምሮ፣ አይሰጥም፤ የሁለቱ ውሕድ ጠጥሮ በሳንባና በኩላሊት ውስጥ ሊቀመጥ ይችላልና። እነዚህ ሦስቱ በቃል ሊያዙ ይገባቸዋል፤ መጽሐፍ ለመግለጥ ጊዜ በማይሰጥ ሰዓት ነው የሚመጡት።

አምስቱ ትክክሎችና ክርክራቸው

ትክክለኛው ታማሚ፣ ትክክለኛው መድኃኒት፣ ትክክለኛው መጠን፣ ትክክለኛው መንገድ፣ ትክክለኛው ሰዓት። እነዚህን አምስቱን የማያውቅ የነርሲንግ ተማሪ የለም። በጊዜ ሂደት መመዝገብ፣ የታማሚው የመከልከል መብት፣ ምክንያቱን ማወቅና ውጤቱን መከታተል ተጨምረውባቸዋል። ትችቱ ግን ጠንካራ ነው። አምስቱ የሚደረስባቸውን ግቦች ይናገራሉ እንጂ እንዴት እንደሚደረስ አይናገሩም፤ ስሕተት ሲፈጠርም ጥፋቱን ሁሉ በነርሱ ላይ ለመጫን ይመቻሉ።

የአሜሪካው የሕክምና ኢንስቲትዩት በ1999 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት በሆስፒታሎች ውስጥ በሕክምና ስሕተት በዓመት ከ44,000 እስከ 98,000 ሰው እንደሚሞት ገምቶ፣ ዋናው መንስኤ የግለሰቦች ግድየለሽነት ሳይሆን የአሠራር ጉድለት ነው ብሎ ነበር። በ2006 እ.ኤ.አ. በአሜሪካዋ ኢንዲያናፖሊስ ከተማ ውስጥ ያለጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት በሚሊሊትር 10 ዩኒት ባለው ሄፓሪን ፈንታ 10,000 ዩኒት ያለው ተሰጥቶ ሦስት ሕፃናት ሞተዋል። የአዋቂው ጠርሙስ የሕፃናቱ መድኃኒት በሚቀመጥበት መሳቢያ ገብቶ ነበር፤ የሁለቱም መለያ ሰማያዊ ነበር። ስሕተቱ ከአንድ ሰው በላይ ዓይን አልፏል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2017 እ.ኤ.አ. ከመድኃኒት ጋር የተያያዘ ከባድ ጉዳትን በአምስት ዓመት ውስጥ በግማሽ የመቀነስ ዘመቻ ሲጀምር በዓለም ላይ የመድኃኒት ስሕተት በዓመት 42 ቢሊዮን ዶላር እንደሚያስወጣ ገምቶ ነበር።

ስለዚህ ሦስተኛው ወገን ልክ ነው፤ የሚመሳሰሉ መድኃኒቶች ተለያይተው ይቀመጡ፣ ፖታሲየም ከዋርድ መደርደሪያ ይውጣ፣ ከፍተኛ ጥንቃቄ የሚሹት በሁለት ሰው ይረጋገጡ። ነገር ግን አሠራሩ እስኪስተካከል ድረስ፣ ከተስተካከለም በኋላ፣ ሁለተኛው አረጋጋጭ ነርስ ነው። የማያውቅ አረጋጋጭ ፊርማ ብቻ ነው የሚጨምረው።

ሁሉም በአንድ አልጋ፦ ማግኒዚየም ሰልፌት

ከላይ የተነሡት ጽንሰ ሐሳቦች ሁሉ ከባድ ፕሪኤክላምፕሲያ ባለባት እናት አልጋ አጠገብ ይገናኛሉ። የማግኒዚየም ሰልፌት የመጀመሪያው መጠን በደም ሥር 4 ግራም፣ የ20 በመቶ ሆኖ፣ በ5 ደቂቃ ውስጥ ነው። እጅ ላይ ያለው ግን የ50 በመቶ አምፑል ነው። በ50 በመቶ ውስጥ አንድ ግራም የሚገኘው በ2 ሚሊሊትር ነው፤ 4 ግራም 8 ሚሊሊትር ይሆናል። 12 ሚሊሊትር ንጹሕ የመርፌ ውኃ ሲጨመርበት 20 ሚሊሊትር፣ ማለትም 20 በመቶ ይሆናል። ከዚያ የ50 በመቶው ሳይበረዝ 5 ግራም በአንዱ መቀመጫ፣ 5 ግራም በሌላው፣ በጥልቅ ጡንቻ ይሰጣል፤ ሕመሙን ለማስታገስ 1 ሚሊሊትር የ2 በመቶ ሊዶኬይን ይደባለቅበታል። ሁለቱን ክፍሎች ማምታታት፣ ያልተበረዘውን በደም ሥር መስጠት፣ እናቲቱን ሊገድል ይችላል።

በየ4 ሰዓቱ 5 ግራም ከመደገሙ በፊት ነርሷ ሦስት ነገሮችን ታያለች፤ እስትንፋስ በደቂቃ ቢያንስ 16፣ የጉልበት ምላሽ መኖሩ፣ ሽንት ላለፉት 4 ሰዓታት በሰዓት ቢያንስ 30 ሚሊሊትር። ማግኒዚየም የሚወገደው በኩላሊት ስለሆነ ሽንት ካነሰ ይጠራቀማል። ሲጠራቀም መጀመሪያ የሚጠፋው የጉልበት ምላሽ ነው፤ እስትንፋስ የሚዳከመው ከዚያ በኋላ ነው። መዶሻዋ ጉልበቱን ነክታ እግሩ ካልተንቀሳቀሰ ቀጣዩ መጠን አይሰጥም። እስትንፋስ ከቆመ በአምቡ ባግ እየረዱ ማርከሻውን፣ 1 ግራም ካልሲየም ግሉኮኔት፣ ማለትም 10 ሚሊሊትር የ10 በመቶ፣ በደም ሥር ቀስ አድርጎ መስጠት ነው። ማርከሻው አልጋው አጠገብ ተዘጋጅቶ ይቀመጣል እንጂ ሲያስፈልግ አይፈለግም። ይህን ሁሉ ምክንያቱን ሳታውቅ የሸመደደች ተማሪ በሥራ ብዛት አንዱን ትዘልላለች። ሽንት ለምን እንደሚለካ የገባት ግን የሽንት ከረጢቱን ሳታይ መርፌ አታነሣም።

በእኛ ሰዓት፣ በእኛ ዘመን

በኢትዮጵያ የሚሠራ ነርስ በውጭ አገር መጽሐፍ የማይገኙ ሁለት የስሕተት ምንጮች አሉበት። አንዱ ሰዓት ነው። ቻርት ላይ ጠዋት 8:00 ተብሎ በፈረንጅ ሰዓት የተጻፈው በእኛ 2 ሰዓት ነው። በየ6 ሰዓቱ የሚሰጥ መድኃኒት በሁለቱም አቆጣጠር 12 እና 6 ላይ ስለሚውል አይምታታም፤ ጠዋት 8:00 የተጻፈ ኢንሱሊን ግን ከቀኑ 8 ሰዓት ተብሎ ከተነበበ ስድስት ሰዓት ይዘገያል። ስለዚህ ቻርቱ በአንድ አቆጣጠር ይሁን፤ ታማሚው ወደ ቤት ሲሸኝ ደግሞ በራሱ አቆጣጠር «ጠዋት 1 ሰዓት፣ ማታ 1 ሰዓት» ተብሎ ይነገረው፣ መልሶም እንዲናገር ይጠየቅ።

ሁለተኛው ዘመን ነው። ማሸጊያ ላይ የሚታተመው የማብቂያ ጊዜ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ዘመኑን 2018 ብላ የምትቆጥር እናት ክዳኑ ላይ 2024 የሚል ብታነብ ገና ስድስት ዓመት ይቀረዋል ብላ ልታስብ ትችላለች፤ መድኃኒቱ ግን ጊዜው አልፏል። ጾምም ሊረሳ አይገባም። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ፣ በረመዳን ቀኑን ሙሉ የሚጾም የስኳር ታማሚ «ከምግብ ጋር በቀን ሦስቴ» የሚለውን በምን ሰዓት እንደሚፈጽመው ካልተጠየቀ ሁለቱን ዶዝ አንድ ላይ ሊውጥ፣ ወይም ኢንሱሊኑን ወግቶ ሳይበላ ሊውል ይችላል። ያልተጠበቀ ጉዳት ሲያጋጥም ለኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሪፖርት ማድረግም የነርስ ሥራ ነው፤ ያልተመዘገበ ጉዳት ማንንም አያስተምርም።

እንዴት ይማር?

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው የማስተማሪያ ሐሳብ ግልጽ ነው። ተማሪ መቶ መድኃኒት ከሚሸመድድ በዋርዱ ውስጥ በየቀኑ የሚሰጡትን ሠላሳ ያህሉን ለእያንዳንዳቸው አራት ጥያቄ እየመለሰ ይማር፤ ለዚህ ታማሚ ለምን ታዘዘ? ከመስጠቴ በፊት ምን አያለሁ? ከሰጠሁ በኋላ ምን እጠብቃለሁ? ምን ካየሁ አቆማለሁ? ሌሎቹን በየቡድናቸው፣ በስም መጨረሻቸው እያዛመደ ይጨምራቸዋል። ስሌትም በጥቁር ሰሌዳ ብቻ ሳይቀር እውነተኛ አምፑልና ሲሪንጅ ተይዞ ይለማመድ። ፈተናውም ከትርጉም ጥያቄ ይልቅ ስሕተት ያለበት ትእዛዝ ቀርቦ «ትሰጣለህ ወይስ ታቆማለህ? ለምን?» የሚል ይሁን።

ይህ ግን በትምህርት ቤት ብቻ አይያዝም። አዲስ ነርስ «ዶክተር፣ ይህ መጠን በዝቷል መሰለኝ፤ ስሌቱን አብረን እንየው?» ሲል የሚቆጣው ሲኒየር ካለ፣ ያ ነርስ ሁለተኛ አይጠይቅም። የሚጠይቅ ነርስ የሚከበርበት ዋርድ፣ ፋርማሲስት ዙር የሚዞርበት ክፍል፣ ስሕተት ሲገኝ ከጥፋተኛው በፊት መንስኤው የሚፈለግበት አስተዳደር ያስፈልጋል። ትምህርት ቤቱ ምክንያቱን ይስጠው፣ ሆስፒታሉ የማቆም መብቱን ይስጠው። ሁለቱን የያዘ ነርስ ያስቆመው እያንዳንዱ የተሳሳተ መርፌ አንድ ሰው ከነጤንነቱ ወደ ቤቱ መመለሱ ነው።